ስልክ፣ ኮድ እና ካሜራ፦ ከባሕር ዳር ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ ሰዎች ስለ ስልካቸው ደኅንነት የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹን ሳዘጋጅ ደጋግሞ የመጣብኝ አንድ ነገር ነው። የብዙዎቻችን ምስጢር የሚወጣው ባሕር ማዶ ተቀምጦ ኮምፒውተር በሚጎረጉር ጠላፊ አይደለም። ቁልፉን ራሳችን ለሰው ስለምንሰጥ ነው። አንዳንዴ ለማናውቀው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለምናምነው።

እኔ ሀብታም አይደለሁም፣ ባለሥልጣንም አይደለሁም። የኔን ስልክ ማን ምን ሊያደርገው ይፈልገዋል?

አጭበርባሪ ሰው አይመርጥም። ቁጥር በቁጥር ይደውላል፣ ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት ይልካል። ከሺሁ አንዱ ከመለሰለት ይበቃዋል። ደግሞም ስልካችሁ ውስጥ ያለው የእናንተ ብቻ አይደለም። የዘመድ ወዳጅ ቁጥር አለ፣ የዕቁብ ግሩፕ አለ፣ የልጆች ፎቶ አለ። በእናንተ ስም አክስታችሁን ብር ለመጠየቅ የእናንተ ሀብታም መሆን አያስፈልገውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም ቴሌብር ከጀመረ ጀምሮ፣ ነገሩ የበለጠ ከብዷል። ዛሬ ስልክ ቁጥራችን ብር የሚቀመጥበት፣ ባንክ የሚያውቀን፣ ፋይዳ የተመዘገበበት ቁጥር ሆኗል።

ስልኩን ስገዛ ጂሜል የከፈተልኝ የሱቁ ልጅ ነው። ፓስወርዱን አላውቀውም። ችግር አለው?

አዎ። ከሁሉም በላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት የምፈልገው ይሄን መልስ ነው።

ስልክ ስንገዛ ብዙዎቻችን እዚያው ባንኮኒው ላይ እናስከፍተዋለን። ልጁ ደንበኛ ቆሞበታል፣ ይቸኩላል። ስማችንን ከቁጥር ጋር አጋጥሞ ጂሜል ይከፍታል፣ ፓስወርዱንም ራሱ ይመርጣል። ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጥ አለ። ብዙው ግን አይሰጥም። ለደንበኛ ሁሉ አንድ ፓስወርድ የሚጠቀምም አለ። እኛም ፕሌይ ስቶር ስለሠራልን አመስግነን እንወጣለን።

ያ ጂሜል ግን አፕ ማውረጃ ብቻ አይደለም። የአንድሮይድ ስልክ ዋናው ቁልፍ እሱ ነው። የፎቶ ባክአፕ በርቶ ከሆነ ፎቶዎቻችሁ ወደዚያ አካውንት ይገለበጣሉ። ፓስወርዱን የያዘ ሰው ደግሞ በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል። የኮንታክት ዝርዝራችሁ እዚያ ነው። የጠፋ ስልክ የሚፈለገውም በዚሁ አካውንት ነው። ስልካችሁ አሁን ሽምብጥ ይሁን ዘንዘልማ በካርታ ያሳያል፣ ከርቀት ይቆልፈዋል፣ ሲፈለግም በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል። የሱቁ ልጅ ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ፓስወርዱ የሆነ ደብተር ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ያ ደብተር ነገ ማን እጅ እንደሚገባ እሱም አያውቅም።

ምን ይደረግ? ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቱና ወደ አካውንታችሁ ግቡ። የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩን እዩ። የእናንተ ካልሆነ በእናንተ ቀይሩት። ቀጥሎ ፓስወርዱን ቀይሩ። የድሮውን ባታውቁትም ስልኩ በእጃችሁ ስላለ ብዙ ጊዜ የስክሪን መቆለፊያችሁን ጠይቆ ይፈቅዳል። ከዚያ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር እዩና የማታውቁትን አስወጡ።

እምቢ ካለ በራሳችሁ እጅ አዲስ ጂሜል ክፈቱ። ኮንታክቱንና ፎቶውን ወደ አዲሱ አዛውሩና አሮጌውን ከስልኩ አውጡት። አንድ ጥንቃቄ አለ። አሮጌው አካውንት ስልኩ ላይ እያለ በቁልፎቹ በኩል ፎርማት እንዳታደርጉት። ሲነሳ የዚያኑ አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ ካላወቃችሁት ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል።

ለጥገና ስሰጥ ፓተርኔን ይጠይቁኛል። ልስጣቸው?

ስክሪን ለመቀየር፣ ባትሪ ለመቀየር፣ የቻርጅ ማድረጊያውን ቀዳዳ ለማስተካከል ፓተርን አያስፈልግም። የሚጠይቁት ሠርተው ሲጨርሱ ለመሞከር ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ግን ሙከራው እናንተ ባላችሁበት፣ ራሳችሁ ከፍታችሁት ሊሆን ይችላል። የከተማችን ትንንሽ የጥገና ሱቆች መልካም ነገራቸው አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ መቻሉ ነው። አጭር ሥራ ከሆነ ጠብቁ።

ስልኩ ማደር ካለበት ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥታችሁ ስጡ። አዳዲስ የሳምሰንግ ስልኮች ሜንተናንስ ሞድ የሚባል አላቸው፤ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪውና የስልኩ ጤንነት በሚታይበት ቦታ ታገኙታላችሁ። እሱ ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን መሞከር ይችላል፣ ፎቶና መልእክታችሁን ግን አያይም። ስልካችሁ ይሄ ከሌለውና ፓተርኑን መስጠት ግድ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ከቴሌግራምና ከባንክ አፑ ውጡ። ስትረከቡ ፓተርኑን እዚያው ቆማችሁ ቀይሩት።

ይሄን ጥያቄ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ያነሱታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጋለሪ የወጣ ፎቶ ማስፈራሪያ ሲሆን የሰው ሕይወት ይበጠበጣል፤ ጥፋቱም የሌላ ሆኖ ሳለ አፍራ የምትቀመጠው እሷ ናት። "ፓተርኔን አልሰጥም" ማለት ጠጋኙን መስደብ አይደለም። ሥራውን የሚያከብር ጠጋኝ ይረዳል።

ዘመዴ በቴሌግራም "በስህተት ወደ ስልክሽ ኮድ ልኬ ነው፣ ንገሪኝ እስኪ" አለኝ። ልንገረው?

እንዳትነግሪው። የጻፈልሽ ዘመድሽ አይደለም፤ አካውንቱን የወሰደበት ሰው ነው። የመጣው ኮድ ያንቺን ቴሌግራም በሌላ ስልክ ለመክፈት ነው። ከሰጠሽው ብዙም ሳይቆይ በስምሽና በፎቶሽ ለወዳጆችሽ "ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር፣ ማታ እመልሳለሁ" ማለት ይጀምራል።

ሌላው መንገዳቸው ሊንክ ነው። "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጭልኝ" ይላል። ሊንኩ ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ። ለድምፅ መስጫ የቴሌግራም ኮድ የሚፈልግ ውድድር የለም።

መከላከያው ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሥር ያለው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ነው። እሱን ካበራችሁ ኮዱ ብቻውን አይከፍትም፤ የመረጣችሁትን ፓስወርድ ጭምር ይጠይቃል። ዋትሳፕም በተመሳሳይ ባለ 6 አኃዝ ፒን ያስገባል። ኮዱን ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ፍጠኑ። ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና ከራሳችሁ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጡ። አዲስ የገባው ሰው የቆየውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ ቴሌግራም ለተወሰነ ጊዜ ያስጠብቀዋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ታሸንፉታላችሁ። ከዚያ ለወዳጆቻችሁ በድምፅ ደውላችሁ ንገሯቸው።

ቴሌግራም ምስጢር ይጠብቃል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። ተራው ጭውውት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከእናንተና ከምታወሩት ሰው በቀር ማንም እንዳያየው ሆኖ የሚመሰጠረው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፤ ግሩፕና ቻናል አይደለም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጭውውቱን ሁሉ እንዲህ ያመሰጥራል። ባክአፑን ግን ራሳችሁ ካላዘዛችሁት አያመሰጥረውም።

"ብር በስህተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ" የሚል ሰው ደወለ። መልእክቱም ገብቶልኛል።

መልእክት ብር አይደለም። ስልኩን ዝጉና ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ፣ በአፑ ወይም በ*127#። ካልጨመረ መልእክቱ ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ነው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር አይመጣም። ብሩ በእርግጥ ገብቶስ ከሆነ? ያኔም በራሳችሁ አትመልሱ። ላኪው ለድርጅቱ ያመልክት፣ በሥርዓቱ ይመለስለት። የሚያጣድፋችሁ፣ የሚያለቅስላችሁ፣ ስልኩን እንዳትዘጉ የሚለምናችሁ ሰው እንድታስቡ አይፈልግም።

ለነጋዴዎችም ነገሩ ያው ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚውሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ ሰዎች "ከፍያለሁ" ተብለው ስክሪንሾት ይታያቸዋል። የድሮ ደረሰኝ ላይ ቀንና መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የምታዩት የከፋዩን ስልክ ሳይሆን የራሳችሁን ይሁን። ኔትወርክ ዘግይቶ ከሆነም ሂሳባችሁን እስክታዩ ደንበኛውን በትሕትና አቆዩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ልጅ የቀኑን ገቢ በአንድ ስክሪንሾት ሲያጣ ማየት ያንገበግባል።

ስልኬ ተሰረቀ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሲሙን አዘጉ። ስልኩን ከመፈለጋችሁ በፊት። ከሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ ወይም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ቁጥሩ እንዲታገድ አድርጉ። የሳፋሪኮም ከሆነ 700 ነው። ቀጥላችሁ ባንካችሁን፣ ከዚያ ጉግልን። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የስልኩን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር ያዙ። ዛሬውኑ *#06# ብላችሁ አውጡትና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ የስልኩ ካርቶን ላይም አለ።

ሲም ለምን ይቀድማል? ሌባው የስክሪናችሁን መቆለፊያ መፍታት አያስፈልገውም። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ይከታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኮድ ሁሉ ለእሱ ነው። ይሄን የሚከለክለው የሲም ፒን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲም ሎክ ብላችሁ ፈልጉ። ሲያበሩት የሲሙን የአሁኑን ፒን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ከሲሙ ጋር የተሰጣችሁ የፕላስቲክ ካርድ ላይ ይጻፋል። ከዚያ በራሳችሁ ፒን ቀይሩት። በግምት አትሞክሩ፤ 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ የሚባለውን የሲም መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፣ ፒዩኬውን 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ሲሙ ይሞታል። የፕላስቲክ ካርዱን የጣላችሁ አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ።

መልእክት ሲመጣ ተቆልፎ ባለ ስክሪን ላይ ይዘቱ እንዳይታይ ማድረግም አትርሱ። ኮዱ በተቆለፈ ስልክ ላይ የሚነበብ ከሆነ መቆለፉ ትርጉም የለውም።

ርካሽ ስልክ ሲገዛ ቫይረስ አብሮ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ሆኖ ያውቃል፣ እኛም አገር ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ በቴክኖ ደብሊው2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ተጭነው ማግኘቱን አስታወቀ። ስልኮቹ በኢትዮጵያ፣ በግብፅ፣ በጋና፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ የተሸጡ ነበሩ። ፕሮግራሙ ባለቤቱ ሳያውቅ በገንዘብ የሚከፈልባቸውን አገልግሎቶች ለመመዝገብ ይሞክር ነበር፤ የአየር ሰዓቱንና ዳታውን ይበላል። አምራቹ ጉዳዩ እንደተስተካከለ ገልጿል።

ስለዚህ ካርድ ሞልታችሁ ያለ ምክንያት የሚያልቅ ከሆነ ሁልጊዜ ኔትወርኩን አትውቀሱ። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ አባውት የሚለው ላይ ስልኩ ሰርቲፋይድ፣ ማለትም በጉግል የተረጋገጠ፣ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ባንክና ቴሌብር አትጫኑበት።

ያገለገለ ስልክ ስትሸጡ ደግሞ አካውንቶቹን አውጡ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ፎርማት አድርጉ። የሚሞሪ ካርዱን ግን አብራችሁ አትሽጡት። ከሚሞሪ የተሰረዘ ፎቶ በቀላል ፕሮግራም ይመለሳል።

አፕ ከጓደኛ በዜንደር (ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው አፕ) መቀበል ምን ችግር አለው?

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ዳታ ውድ ነው፤ በ2015 ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ መንገድ አልነበረም። ግን በዜንደር ወይም በቴሌግራም የመጣ አፕ ማን እንደነካካው አይታወቅም። ጨዋታ ከሆነ አደጋው ያነሰ ነው። የባንክ፣ የቴሌብር፣ የቪፒኤን አፕ ከሆነ ግን ከፕሌይ ስቶር በቀር ከየትም አትቀበሉ። "አዲሱ የቴሌብር ማሻሻያ" ተብሎ በሊንክ የሚመጣውን ሁሉ ሰርዙ።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። አክሰሲቢሊቲ የሚል ፈቃድ የሚጠይቅ አፕ ስክሪናችሁን ማንበብና በእናንተ ፋንታ መጫን ይችላል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የተሠራ ጠቃሚ ነገር ነው። የእጅ ባትሪ አፕ ወይም የብድር አፕ ከጠየቀ ግን ወዲያው አጥፉት።

የካፌና የሆቴል ዋይፋይ ያስፈራል?

እንደሚወራው አይደለም። የባንክ አፕና አብዛኛው ድረ ገጽ ዛሬ የተመሰጠረ ስለሆነ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ፓስወርዳችሁን አያነብም። የሚያሰጋው ለመግባት ጂሜልና ፓስወርድ የሚጠይቅ ዋይፋይ ነው። እሱን ተዉት። የቤታችሁን ራውተር ፋብሪካ የሰጠውን ፓስወርድ ቀይሩ።

ፎቶ ኮፒ ቤት መታወቂያዬንና ሰነዴን ስልክላቸው ምን ይሆናል?

ፋይላችሁ እዚያው ይቀራል። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ላይም ሆነ ፖሊ ግቢ አካባቢ ነገሩ ያው ነው። ተማሪው ቸኩሎ በሱቁ ቴሌግራም ይልካል ወይም የራሱን ቴሌግራም በሱቁ ኮምፒውተር ይከፍታል። አትሞ ሲወጣ አካውንቱ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ቀጣዩ ደንበኛ የመልእክት ዝርዝሩን ያያል። በሱቅ ኮምፒውተር የራሳችሁን አካውንት አትክፈቱ። ከከፈታችሁም ስልካችሁ ላይ ዲቫይስስ ገብታችሁ አስወጡት። በሱቁ ቴሌግራም ከላካችሁ፣ ከታተመ በኋላ መልእክቱን ለሁለታችሁም ሰርዙ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውንም እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁ። ፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ቤት ስትገቡ ግን ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ፈትሹት።

የፋይዳ መታወቂያ ፎቶን ለደላላ፣ ለቤት አከራይ፣ ለሥራ ማስታወቂያ በዘፈቀደ አትላኩ። ለፋይዳ የተሰጠው የጣት አሻራና የዓይን ብሌን መረጃ እንደ ፓስወርድ የሚቀየር አይደለም። ለማረጋገጫ ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አታንብቡ።

ሱቄ ውስጥ ካሜራ አስገጥሜያለሁ። ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል?

መጀመሪያ የገጠመላችሁ ሰው ያያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ገጣሚው ካሜራውን የሚያስነሳው በራሱ ስልክና በራሱ አካውንት ነው። ከዚያ ለእናንተ "ሼር" ያደርጋል። ባለቤቱ እሱ፣ ተመልካቹ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። አካውንቱ በእናንተ ቁጥር እንዲከፈት፣ የእሱ እንዲወጣ አድርጉ። ፓስወርዱንም ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በርካታ ካሜራዎችን የያዘው ፋብሪካው የሰጠውን ፓስወርድ እየሞከረ ነበር። እና ካሜራ በር ላይና ካዝና ላይ ይሁን። ሠራተኛ የምታድርበት፣ ልጅ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል ውስጥ ካሜራ አይገባም።

ሐይቁ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ስለጥፍ ያለሁበት ይታወቃል?

የካሜራው ሎኬሽን በርቶ ከሆነ ፎቶው ውስጥ የቦታው ነጥብ ይጻፋል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያንን ያስወግደዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ዘጌ ላይ በጀልባ እንዳላችሁ ለመላው ዓለም ስትናገሩ ቤታችሁ ባዶ መሆኑንም እየተናገራችሁ ነው። ሲመለሱ መለጠፍ ይቻላል።

ሕግ አለ?

አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን፣ ማጭበርበርንና ማስፈራራትን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃችሁን የሚሰበስብ ድርጅት ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በፎቶ የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ብር አትላኩለት፣ መልእክቱንም አትሰርዙት። ስክሪንሾት አንስታችሁ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ብር ከላካችሁለት ደግሞ ጥያቄውን ይጨምራል።

እናቴ ማንበብ ይከብዳታል፣ ስልክ ግን ትጠቀማለች። ምን ላድርግላት?

ይሄን ሁሉ አታስተምሯት። ሲም ፒን ከታችሁላት፣ የቴሌግራም ሁለተኛ ፓስወርድ አብርታችሁላት፣ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩን የእናንተ ወይም የእህታችሁ አድርጉት። ፓስወርዶቹን ቤት በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ጻፉላት፣ ስልኩ ላይ አይደለም። የቴሌብሯ ፒን የትውልድ ቀኗ ወይም 123456 ከሆነ አብራችሁ ቀይሩ።

ለእሷ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብር ወይም ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሲደውል፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ በእናንተ ስም ቢጽፍም፣ ስልኩን ዘግታ እናንተ ጋ ትደውል። እናንተም ባላችሁበት፣ ስብሰባም ላይ ብትሆኑ፣ ስልኩን አንሱላት። ደውላ ካላገኘቻችሁ ለደዋዩ ምን እንደምትል ዛሬ አብራችሁ ተነጋገሩ፦ "ልጄ እስክትመጣ ጠብቅ።"